የትኛው ስፒከር ይሁን ላልኸኝ

ሐይቅ፣ ጥቅምት ፳፰ ቀን ፳፻፲፭ ዓ.ም.

ለልጄ ለቅዱስ ወንዱ
ባለህበት፣ ስዊድን

ልጄ፣ የምወድህና የማትሰማኝ፤

እንደ ወጉ «ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምር ነበር። ግን ደህና አይደለሁም፤ ናፍቆትህም ካለብኝ ነገር ሁሉ ቀላሉ ነው። ጉልበቴ ያው ነው። ሐይቁ በክረምቱ ሞልቶ እስከ ጓሮአችን ጫፍ መጥቶ ነበር፤ ጌሾዬን አበስብሶ ተመለሰ። ሰሞኑን ሰላም ተፈረመ ተብሎ ሰዉ ሁሉ ሬዲዮ ላይ ተለጥፏል። ፊርማውን እግዚአብሔር ያጽናው፤ እኔ ግን ዛሬ የምጽፍልህ ስለ ስፒከር ነው።

በስልክ ለምን አልነገርሽኝም ትለኝ ይሆናል። አንተን በስልክ መንገር አይቻልም። እኔ አፌን ስከፍት አንተ «እማዬ፣ ድምፅሽ ይቆራረጣል» ትላለህ። ድምፄ አይቆራረጥም፤ የምትቆርጠው አንተ ነህ። አያትህ መሪጌታው፣ ሴት ናት ሳይሉ፣ ፊደል ያስቆጠሩኝ ለካ ለዚህ ቀን ኖሯል። ነገ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው አግኝቻለሁ፤ እሱ ደግሞ ወደ አንተ አገር ለሚበር ሰው ይሰጥልኛል። ለአባትህ ሙት ዓመት ስትመጣ ሻንጣህን ሳትዘጋ እንዲደርስህ ነው ጥድፊያዬ።

የላክኸውን መልእክት ደጋግሜ አነበብሁት። ስለ እኔ አንድ መስመር፤ ስለ ስፒከር ግን እንደ ድጓ የረዘመ። «ሙዘይን የማጉያ ድምፅ በሚማረው መሣሪያዬ የቀዳልኝ የአባዬን ማጉያ ጠባይ ብቻ ነው፤ ስፒከሩ አብሮ አልተቀዳም» ብለሃል። «ስለዚህ ድምፁ ገና ግማሽ ነው፤ ሌላውን ግማሽ የሚሰጠው የሚወጣበት ስፒከር ነው። እኔ እዚህ ጥሩ የጊታር ስፒከር አለኝ፤ በእሱ ሲወጣ ማር ነው። እዚያ ኮሚቴው ሞንታርቦ የሚያቆም ከሆነ የጊታር ስፒከሩን ጠባይ በመሣሪያዬ ላይ ጨምሬ እመጣለሁ። የጣሪያ ጥሩምባ ብቻ እንዳይሆን፣ እማዬ። ጥሩምባ ያበላሸዋል። የትኛው ስፒከር ይሁን? ጠይቀሽ ንገሪኝ።»

እነግርሃለሁ። ግን እስከዚያ ድረስ እንደ ለመድኸው አትቸኩል።

መድረክ ላይ የተቀረጽኸውን ቪዲዮ የአባትህ ተማሪ ሙዘይን በስልኩ አሳይቶኛል። ፈረንጆቹ ቆመው፣ አንተ መሐል፣ ፀጉርህ ምን እንደ ነካው እንጃ። «ይህ የአባቴ ማጉያ ድምፅ ነው» አልህ። «ሳጥኑ በጦርነቱ ጠፍቷል፤ ልቡ ግን ያው ነው። አባቴ ማጉያዬን ትቼ አልሸሽም ብሎ ቀረ፣ በዚያው ሞተ። በዚህ ድምፅ ውስጥ አባቴ አለ።» ከዚያ አምባሰልን ጀመርህ። ጣቶችህ የእሱ ናቸው፤ ይህን አልክድህም። አንዲት ፈረንጅ ዓይኗን ስትጠርግ አየሁ። እኔ አላለቀስሁም። ሙዘይን «እትዬ፣ አልወደድሽውም እንዴ?» ቢለኝ «የስልክህ ስፒከር ትንሽ ነው፤ ምኑ ይሰማል» አልሁት። እውነቴን ነበር።

አባትህ የቀረው ለማጉያው ብሎ አይደለም፣ ልጄ። ለእኔ ጉልበት ብሎ ነው። አምና በጥቅምት መጨረሻ ከተማው ሁሉ በደሴ መንገድ ሲጎርፍ እኔ እስከ በሩ መሄድ አቅቶኝ ነበር። ሙዘይን ሚስትና ልጆቹን ይዞ ወደ ደብረ ብርሃን ሲሸሽ በራችን ላይ ቆሞ «ጋሽ ወንዱ፣ ኧረ እንሂድ ወላሂ!» እያለ ለመነው። አባትህ ወደ እኔ አየና «እሷን በምን ላድርጋት?» አለ። ነገሩ ይኸው ነው። የአንተኛው ይበልጥ ያምራል፤ ለመድረክም ይመቻል።

ማጉያውን መቼም ታውቀዋለህ፤ በእሱ ጉርምርምታ ነው ያደግኸው። አባትህ የአውራጃው ኪነት ቡድን ጊታር መቺ ሳለ የያዘው፣ ቡድኑ ሲበተን በአህያ ጭኖ ቤት ያመጣው ነው። በአልጋችን ራስጌ ቆሞ ኖረ። ተጫውቶ ሲጨርስ አያጠፋውም ነበር፤ እነዚያ ትልልቅ የመስታወት አምፖሎች እየቀሉ፣ ያ እንደ ድንጋይ የሚከብድ ትራንስፎርመር እያጉረመረመ እንቅልፍ ይወስደናል። የፈታውን ብሎን ሁሉ በእኔ ቀይ የጥፍር ቀለም ነጥብ ያደርግበት ነበር። አንድ ቀን እንኳ ቀለሜን ሞልቶ አግኝቼው አላውቅም። በለውጡ ዓመት፣ የዓለም በር ሁሉ የተከፈተ መስሎን አንተ ከባንዱ ጋር ስትሄድ፣ ይህን ማጉያ ልውሰደው ብለህ ነበር። «እኔ ስሞት» አለህ። ሳቅህ።

እንግዲህ ከያዙን በኋላ ያለውን ስማ። በስልክ የነገርሁህን እርሳው።

መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ ወፍጮ የለም። አንድ ቀን ጠዋት ታጣቂዎች መጡ። የሚናገረው ልጅ እግር ነው፤ ዕድሜው ካንተ ያንሳል። «የማጉያ ሰው አንተ ነህ አሉ» አለው አባትህን። አዳራሹ ውስጥ ያለው አሮጌው የቀበሌ ማጉያ አልናገር ብሏቸው ኖሯል። አባትህ ሄዶ አየውና ተመልሶ «ትራንስፎርመሩ ነዷል፤ አይሆንም» አላቸው። ልጁ በአባትህ ትከሻ ላይ አሻግሮ ወደ አልጋው ራስጌ ተመለከተ።

«ያኛውስ?» አለ።

ደጅ፣ ፀሐይ ላይ፣ ምንጣፍ አንጥፎ ፈታታው። ስንዴ ሊታደል ነው፣ ሕዝቡ የሚጠራበት ድምፅ ያስፈልጋል ብለውታል። እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ «ወንዱ፣ አንድ ሽቦ አላልተህ ተወው» አልሁት፤ በጆሮው። «ሰው ተርቧል፣ አመተ። ስንዴ ቢሆንስ?» አለኝ። አምፖሎቹንና ትራንስፎርመሩን ከራሱ ማጉያ አውጥቶ በቀበሌው ማጉያ ሆድ ውስጥ ገጠመ። ብሎኖቹ ላይ ቀይ ነጥቡን ሳይቀር አደረገ። አባትህ መጥፎ ሥራ መሥራት አይችልም ነበር። ደግ ሰው ነበር ለማለት አይደለም፤ እጁ ነው እምቢ የሚለው። ጄኔሬተራቸው ተነሥቶ በአዳራሹ ጣሪያ ላይ ያሉት ጥሩምባዎች ሲናገሩ ፊቱ ላይ ፈገግታ አየሁ። ያንን ፈገግታ እስከ ዛሬ ይቅር አላልሁትም።

አንድ ነገር ብቻ አልጣመውም። ሁለቱ ዕቃዎች በደንብ ስላልተስማሙ የየቃሉ ጭራ ላይ ጨርቅ ሲቀደድ እንደሚሰማው ያለ ድምፅ ነበረው። «ጊዜ ካገኘሁ ይስተካከላል» አለኝ። ይህችን ቅድድ የምትል ነገር አስብልኝ፤ ፈረንጆችህ «እንዴት ያለ የሚያም ድምፅ ነው» ብለው ያደነቁልህ እሷን ነው።

በማግስቱ ጥሩምባው «የሐይቅ ሕዝብ ሆይ፣ ውጡ! ስንዴ ተቀበሉ!» አለ። ሰዉ እየፈራ ወጣ። እውነትም ስንዴ ነበር። ለተብርሃን፣ ከአዳራሹ ሥር ዓሣ የምትጠብሰው፣ በደጃችን ስታልፍ «ወንዱ፣ እጅህ ይባረክ!» ብላ ጮኸች። ለተብርሃንን አትረሳትም፤ ከልጆቿ ከባዬና ከተክለ ማርያም ጋር ነው ዋና የለመድኸው። እንዲያውም ባዬ ነው አንድ ጊዜ ከደለሉ ውስጥ በፀጉርህ ጎትቶ ያወጣህ።

አርብ ዕለት ያው ድምፅ ያንኑ «የሐይቅ ሕዝብ ሆይ» አለና ስም መጥራት ጀመረ። መጀመሪያ የተጠሩት የለተብርሃን ልጆች ናቸው። ወጡ። የፊተኛው ጊዜ እውነት ስለ ነበር አልተጠራጠሩም። ከረጢት ይዘው ወጡ፣ ቅዱስ። ለስንዴ መስሏቸው ከረጢታቸውን ይዘው። ሌሎችም እንደዚያው። መኪና ላይ ሲጭኗቸው ያየ አለ፤ ከዚያ በኋላ ያየ የለም፤ ሬሳም አልተገኘም።

አባትህ ጫማውን አደረገ። ክሩን ጎንበስ ብሎ ጠበቅ አድርጎ አሰረ። ፒንሳውን ከመሳቢያው አወጣ።

«ወዴት ነው?» አልሁት።

«ልነቅለው።»

«ምኑን?»

«የኔን።»

ወጣ። እኔም ልይዘው አልተነሣሁም፤ በዚህ ጉልበት ማን ይነሣል? ጥሩምባው አንድ ስም ጠርቶ ሳይጨርስ ጭጭ አለ። ከዚያ ጥይት ተሰማ። አዳራሹ በር ላይ ነው የወደቀው። በስልክ «ተባራሪ ጥይት» ብዬህ ነበር፤ ጥይቱ ተባራሪ አልነበረም፤ ወደ እሱ አነጣጥሮ የመጣ ነው። አንድ ቄስና ጥቂት ሴቶች ሆነን ቀበርነው። ቤት ውስጥ ማገዶ ስላልነበረ ባዶውን የማጉያ ሳጥን በመጥረቢያ ፈልጬ፣ ገላውን ያጠቡበትን ውኃ በእሱ አሞቅሁ። ቫርኒሹ ሲነድ ቤቱን በጭስ ሞላው፤ ስንስል ዋልን። «ሳጥኑ በጦርነቱ ጠፋ» ብለህ ለፈረንጆቹ የነገርኸው ሳጥን ይኸ ነው።

የጠሪው ወረቀት ላይ ገና ብዙ ስም ነበረ ይላሉ። ማጉያው ከዚያ ቀን በኋላ ስላልተናገረ ስማቸው ሳይጠራ የቀሩት ዛሬ በከተማው ይዘዋወራሉ፤ ሚስት ያገባም አለ። አንዳቸውም መጥተው ደጄን አላንኳኩም። የተጠሩት ሰዎች እናቶች ግን ያንን ማጉያ ማን እንደ ጠገነው ጠንቅቀው ያውቃሉ። ለተብርሃን ዓመቱን ሙሉ ሰላምታዬን አልመለሰችም። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ስንገናኝ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ትስባለች። አልፈርድባትም፤ ግን ደስ አይልም።

አሁን ሙዘይን ምን እንደ ቀዳልህ ልንገርህ። እሱን እንዳትቆጣው፤ እሱ በደብረ ብርሃን መጠለያ ሳር ላይ ተኝቶ በነበረበት ጊዜ የሆነውን ከየት ያውቃል?

አንተ ያንን መሣሪያህን ልከህ «የአባዬን ማጉያ ሳይጠፋ ቅዳልኝ» እያልህ ስትነዘንዘው፣ እኔ ለፋሲካ ውጫሌ ወንድሜ ቤት ነበርሁ። ቤታችን ገብቶ ማጉያውን ቢፈልገው የለም። አዳራሹ ግምጃ ቤት ውስጥ የወደቀ ማጉያ አለ ሲሉት ሄዶ ክዳኑን ከፈተ። ቀይ ነጥቦቹን አየ። የልጅነት መምህሩን የጋሽ ወንዱን ትራንስፎርመር፣ የጋሽ ወንዱን አምፖሎች አየ። ጋሼ ዕቃውን ወደ ሌላ ሳጥን አዛውሮት ኖሯል ብሎ ደስ አለው። በፒንሳ የተቆረጠውን ሽቦ ቀጠለና አበራው። መሣሪያህ ፉጨትና ጩኸት እየላከ፣ ማጉያው እንዴት አድርጎ እንደሚመልሰው እያዳመጠ፣ አያትህ ዘንድ ተማሪ ዓመት የሚፈጅበትን በደቂቃዎች ጨርሶ «ተማርሁ» አለ። ሙዘይንም ለአንተ «ሳጥኑ ተቀይሯል፤ ልቡ ግን ያው ነው» ብሎ ጻፈልህ። አልዋሸህም። እኔንም «ቀዳሁለት» ሲለኝ ምኑን ብዬ አልጠየቅሁም፤ የዛሬ ልጆች ከአየር ላይም ይቀዳሉ ብዬ ተውሁት።

ጆሮህም አልሳተም፤ ይህን ልመርቅልህ። የሰማኸው በእርግጥ የአባትህ ትራንስፎርመርና አምፖል ነው፤ የአባትህ እጅ ነው። ብቻ ያንን ድምፅ ይዘህ ማር ነው ስትል፣ እዚህ ያለን ሰዎች የምናውቀው በሌላ ስፒከር ነው።

ባለፈው ቅዳሜ፣ ገበያው ሞልቶ ሳለ፣ ሙዘይን ለሙት ዓመቱ ዝግጅት ሊሞክር አዳራሹ ገባ። ዝግጅቱ የአባትህ ብቻ አይደለም፤ ኮሚቴው በዚያ ኅዳር የጠፉትን ሁሉ አንድ ላይ ሊያስባቸው ነው። ሞንታርቦዎቹ አምና ተዘርፈዋል። የቀሩት ጣሪያው ላይ ያሉት ጥሩምባዎች ናቸው። ኮሚቴው ከገዛው አዲስ ማጉያ ጋር አያያዛቸው፤ መሐል ላይ ልከህለት እሱ ዘንድ የቀረውን መሣሪያህን አደረገ፤ መሣሪያው ላይ የአባትህን ከፈተ። መጀመሪያ ጊታር ነካ ነካ አደረገ። ቀጭን፣ የሚያናድድ ነገር፤ ማንም ዞር ብሎ አላየም። አንተ እንዳልኸው ጥሩምባ አበላሽቶታል። ከዚያ የጊታሩን ገመድ ነቀለና እዚያው ማይክ ሰካ።

«ሀሎ፣ ሀሎ» አለ። «የሐይቅ ሕዝብ ሆይ!»

ምስኪን፣ እንግዳ ሲቀበሉ እንደሚባለው መስሎት ነው።

እኔ ቤት ነበርሁ፤ ያ ቅድድ የሚል ነገር በየቃሉ ጭራ ላይ ሲወጣ እጄ ላይ የነበረው ሳህን ወደቀ። ገበያው እንደ ተነካ ጉንዳን ነው የሆነው። ባለ ሱቆቹ በሩን በላያቸው ላይ ዘጉ። አንድ ጎልማሳ ሰው የእህል ጆንያ ሥር ገብቶ ሽንቱን ለቀቀ ይሉሃል፤ ሰዉ አሁን ይስቅበታል፤ እንዲህ ነን። በዱላዬ እየተጎተትሁ አዳራሹ ጋ ስደርስ፣ ከሚሸሸው ሰው መሐል አንዲት ሴት ብቻ ወደ ድምፁ ትሄዳለች። ለተብርሃን ናት። እጇ ላይ የዓሣ ቅርፊት ተለጥፏል። ነጠላዋን አስተካክላ በሩ ፊት፣ አባትህ የወደቀበት ላይ ቆመችና ቀና ብላ ጥሩምባዎቹን አነጋገረቻቸው።

«ሁለቱንም ወስዳችኋቸዋል» አለች። «ሌላ ልጅ የለኝም። ካላመናችሁኝ ቤቱን ግቡና እዩ።»

ሙዘይን ማይኩን እንደ ያዘ ወጣ። «ምን አደረግሁ እትዬ? ምን አጠፋሁ?» ይለኛል። እዚያው ነገርሁት። «ያ ረቢ» ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ። ያንኑ ቀን ከመሣሪያው ላይ ደመሰሰውና ወደ ደሴ ሄደ፤ ስልኩን አያነሣም። ወጣቶቹም ማጉያውን ከግምጃ ቤት ጎትተው አወጡ፤ በጀልባ ወስደው ሐይቁ መሐል ጣሉት። የአባትህን ትራንስፎርመርና የእኔን ቀይ ቀለም ዓሣ ይዞረዋል። እሰየው አልሁ። እንግዲህ ያ ድምፅ የቀረው አንተ ዘንድ ብቻ ነው። ልጽፍልህ ያሰብሁትም «አጥፋው፣ አባትህን በሕዝብ ፊት አታዋርደው፣ ባዶ እጅህን ና» ልልህ ነበር። ወረቀቱንም አዘጋጅቼ ነበር።

ትናንት ለተብርሃን ቤቴ መጣች። ዓመት ሙሉ ያልረገጠችውን ደጅ። ተቀመጪ ብላት አልተቀመጠችም።

«ያ ነገር ልጅሽ ዘንድ አለ ይሉኛል። እውነት ነው?»

«አለ፤ ግን አብሽሪ፤ አስጠፋዋለሁ» አልኋት።

«እንዳታስጠፊው!» አለች። ጮኸችብኝ። «ኮሚቴው ልጆቼን ከሙታን ጋር ጽፏቸዋል። እኔ ሬሳ አላየሁም። መርዶ የነገረኝ የለም። በዚያ ድምፅ ‹ውጡ› ተብለው ነው የወጡት። በዚያው ድምፅ ‹ግቡ› ይበልልኝ። ልጆቼ ሰሚ ናቸው፤ ካልተጠሩ አይመጡም።»

«ለተብርሃን፣ እኅቴ፣ እንዲህ ያለ ነገር እኮ አይሆንም። ቢሞቱስ?»

«አንቺ ባልሽን ቀብረሻል» አለችኝ። «ሞልቶልሻል።»

ከዚያ በሩን ሳትዘጋ ወጣች። ሌሎቹም እናቶች እንደዚያው እንደሚፈልጉ ዛሬ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ነገሩኝ። አንዷ አበደች ይባላል፤ ሁሉም ግን ሊያብዱ አይችሉም። ቄሱን ጠየቅሁ፤ መስቀላቸውን አሳልመውኝ አለፉ። እኔ ራሴ መድኃኒት ይሁን መርዝ አላውቅም። የማውቀው፣ የባሌ እጅ «ውጡ» የተባለበትን ድምፅ ሠርቶ መሄዱን ነው፤ «ግቡ» የሚለውን ሳይሠራ ሞተ።

እንግዲህ ወደ ጥያቄህ ልመለስ። የትኛው ስፒከር ይሁን ላልኸኝ፣ ጥሩምባው ይሁን። ሞንታርቦ አትከራይ። የጊታር ስፒከር ጠባይ አትጨምርበት፤ አታሳምረው። አንተ ያበላሸዋል ያልኸው እሱ ነው ትክክለኛው። ጊታርህን ቤት አስቀምጥ። አዳራሹ በር ላይ፣ አባትህ የወደቀበት ላይ ትቆማለህ፤ ማይኩን ትሰካለህ፤ እናቶቹ አንድ በአንድ እየመጡ የልጆቻቸውን ስም በጆሮህ ይነግሩሃል። «የሐይቅ ሕዝብ ሆይ» ብለህ እንዳትጀምር። ስማቸውን ጥራና «ግባ» በል፤ ባዬ ግባ፣ ተክለ ማርያም ግባ። አባትህንም በመጨረሻ ጥራልኝ፤ እሱን በዚያ ድምፅ የጠራው የለም፤ ሳይጠራ ነው የሄደው።

ማንም አይገባም። እኔ አውቃለሁ፤ አንተም ታውቃለህ። ጠርተህ ስትጨርስ እናቶቹ መንገዱን ያዩታል፤ መንገዱ ባዶ ይሆናል። ያን ጊዜ ነው እንግዲህ ስንት ሰዓት እንደ ሆነ ለማየት ስልክህን የምታወጣው፤ አውቅሃለሁ። እንዳታወጣ። ለተብርሃንን እያት። እሷ ከተቀመጠችበት እስክትነሣ ቆመህ እያት። ፈረንጅ ያለቀሰበትን ድምፅ ባለቤቶቹ እንዴት እንደሚሰሙት እይ። እሷ ስትሄድ አጥፋውና ከፈለግህ ሐይቁ ውስጥ ጨምረው።

ይህን የማትችል ከሆነ አትምጣ። እናት ለልጇ እንዲህ አትልም ትላለህ፤ እኔ ብያለሁ። ሙት ዓመቱን ብቻዬን አወጣዋለሁ፤ እኖርበታለሁም፤ ዓመቱን እንዲሁ ነው የኖርሁት። ከቻልህ ግን ከዚያ በኋላ ቤት ግባ። እግርህን አጥብሃለሁ። አልጋህን አንጥፌልሃለሁ። ያለ ማጉያ፣ በባዶ ጊታር፣ አምባሰልን ለእኔ ብቻ ትጫወትልኛለህ።

የግሸኗ እመቤት መንገድህን ታቅናልህ። በብርድ አገር የምታሞቅህን ሴት ትስጥህ፤ ቤትህ ሳይጠራህ የምትገባበት ይሁን። ስምህ በደግ አፍ ይጠራ። ከክፉ ጠሪ ይሰውርህ።

እናትህ
አመተ ማርያም

አንድ ነገር ረስቼ። ሙዘይን ሳይሄድ በፊት፣ ሲቀዳ ያ የአባትህ ማጉያ ጉርምርምታ፣ ራስጌያችን ላይ ያደረው፣ አብሮ ተቀድቶ እንደሁ ጠይቄው ነበር። መሣሪያው ጉርምርምታን እንደ ቆሻሻ ቆጥሮ ይጥለዋል እንጂ አይቀዳም አለኝ። አንተ መሣሪያህን ከእሱ ይበልጥ ታውቀዋለህ። የጣለውን የት እንደሚያደርገው እስቲ ጠይቅልኝ።